ሳያዩ ማብሰል፦ በወጥ ቤቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ

ብቻዬን የምኖር ዓይነ ስውር ሴት ነኝ። ምግቤን የማበስለው እኔው ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ የሚጠይቀኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «እሳቱንስ እንዴት አድርገሽ?»

እሳቱ ያን ያህል ከባድ አይደለም። እሳት ሙቀቱን ቀድሞ ይልካል፣ ድምፅ አለው፣ ሽታ አለው። እስከ ዛሬ የጎዱኝ እንፋሎትና ከቦታው የተነሳ ዕቃ ናቸው። አንድ ጊዜ ልትጠይቀኝ የመጣች ዘመዴ ልትረዳኝ ብላ የድስቱን እጀታ ወደ እኔ በኩል አዞረችውና ሳትነግረኝ ወደ ሳሎን ሄደች። ጠጋ ስል በሆዴ ገፋሁት፣ የፈላው ውሃ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ዓይኔ ቢያይ ኖሮ አይደርስብኝም ነበር ትሉ ይሆናል። እጀታው እኔ በተውኩት ቦታ ቢሆን ኖሮም አይደርስብኝም ነበር። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ያደግኩት ወጥ ቤት ሳልገባ ነው። እናቴ ክፉ ሆና አይደለም፣ ስለምትሳሳልኝ ነው። «አንቺ ተቀመጪ ልጄ፣ እኔ አመጣልሻለሁ» ስትለኝ አደግኩ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ሥራ ይዤ፣ ኮንዶሚኒየም ስከራይ ሽንኩርት መላጥ እንኳ አልችልም ነበር። የመጀመሪያውን ወር በዳቦና በሻይ፣ በሙዝና በአቮካዶ ገፋሁት። ያስተማረችኝ እንደ እኔው ዓይነ ስውር የሆነች፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደገች ጓደኛዬ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች እጄን በእጇ ይዛ አሳየችኝ።

መጀመሪያ ቦታ፣ ከዚያ እሳት

ምድጃውን ከመለኮሳችሁ በፊት አንድ ሙሉ ሰዓት ከወጥ ቤታችሁ ጋር ብቻችሁን ሁኑ። ምንም ነገር አይሙቅ። ከበሩ ጀምራችሁ ዙሪያውን በእጃችሁ ሂዱ። ሲንኩ የት እንደሚያልቅ፣ ሶኬቱ በምን ከፍታ ላይ እንዳለ፣ ከምድጃው እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ እወቁ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዕቃ ቦታ ስጡት።

የእኔ ወጥ ቤት ሁለት ሰው የማያስተላልፍ ጠባብ ነው። ጥበቱ ግን ጠቅሞኛል፣ ሁሉም ነገር እጄ የሚደርስበት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ውሃ፣ መክተፊያ፣ ምድጃ ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ሥራዬም በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል፤ ይታጠባል፣ ይከተፋል፣ ይበስላል። ስለዚህ የሆነ ነገር ለማንሳት ብዬ እጄን በትኩስ ድስት ላይ የማሻግርበት ምክንያት የለም።

የካቢኔቱ በር ወይ ሙሉ በሙሉ ይከፈት ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ፤ ገርበብ ያለ በር ግንባር ይፈነክታል። ቀጥሎ ትሪ ግዙ። ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ሰፋ ያለ ትሪ። ስትከትፉም፣ ስትቀዱም፣ ስትለኩም ትሪው ውስጥ ይሁን። የተንከባለለ ሽንኩርት ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ የፈሰሰው ዘይት ወለሉ ጋ አይደርስም። ብዙ ሰው ለዓይነ ስውር ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል ብሎ ያስባል፤ እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን ከሰፈር ሱቅ የገዛሁት ትሪ ነው።

አብሯችሁ የሚኖር ሰው ካለ አንድ ሕግ ይኑር፤ ያነሳኸውን እዚያው መልስ። ቅር የሚለው ይኖራል። እናንተ ግን በይሉኝታ ዝም አትበሉ። ቢላዋው ከቦታው በጠፋ ቁጥር የሚቆረጠው የእናንተ ጣት ነው።

የቱ ምን እንደሆነ መለየት

ዕቃ መለያ እንደየሰው ነው። ብሬል የምታነቡ ጠንከር ባለ ወረቀት ላይ በስታይለስ፣ በብሬል መጻፊያው፣ ጽፋችሁ፣ በፕላስተር ለጥፉት። ብሬል የማታነቡ፣ በተለይ ከጊዜ በኋላ ዓይናችሁን ያጣችሁ፣ የብር ላስቲክ ይበቃችኋል። እኔ ጨው ላይ አንድ ላስቲክ፣ ስኳር ላይ ሁለት፣ በርበሬ ላይ ሦስት አድርጌያለሁ። እርድ፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ በሽታቸው ስለሚታወቁ ምንም አላሰርኩባቸውም።

ሚጥሚጣ ለብቻው ነው። ከበርበሬ ጋር በአንድ ዓይነት ዕቃ አታስቀምጡት። የእኔ በትንሽዬ የብርጭቆ ዕቃ፣ ሌላ መደርደሪያ ላይ ነው። ለማሽተት አፍንጫችሁን አታስጠጉ፤ ክዳኑን ከፍታችሁ በእጃችሁ አየሩን ወደ እናንተ ሳብ አድርጉት። ከነካችሁት በኋላም ቶሎ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የማያይ ዓይንም በሚጥሚጣ ይቃጠላል።

ከቅመም ይልቅ የምፈራው የውሃ ፕላስቲኩን ነው። እኛ አገር ሃይላንድ ውስጥ የማይገባ ነገር የለም፤ ዘይት፣ አቼቶ፣ ላምባ፣ በረኪና፣ ጠበል። በእጅ ሲዳሰስ ሁሉም አንድ ነው። ስለዚህ በረኪናና ላምባ ወጥ ቤት ጨርሶ አይግቡ። ወጥ ቤት የሚገባው ምግብ ብቻ ይሁን። ሰው ቤት ስታበስሉ ደግሞ ከማንኛውም ፕላስቲክ ከመቅዳታችሁ በፊት ከፍታችሁ ከሩቅ አሽትቱ።

ዘይትን ከጠርሙስ አታንቆርቁሩ፣ መጠኑ አይታወቅም። አፉ ሰፊ ወደሆነ ዕቃ ገልብጡትና በማንኪያ ወይም በትንሽ ጭልፋ ጨልፉ። ሦስት ማንኪያ ካላችሁ ሦስት ማንኪያ ነው፤ መገመት የለም። ጨውም እንደዚሁ፣ በቀጥታ ከዕቃው ድስት ውስጥ አይነሰነስም። መጀመሪያ መዳፋችሁ ላይ፣ ከዚያ ድስቱ ውስጥ።

የታሸገ ነገር ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ስልክ ይረዳል። ቢ ማይ አይስ የሚባለው መተግበሪያ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ከዴንማርክ የተነሳው ማለት ነው፣ በቪዲዮ ከፈቃደኛ ሰው ጋር ያገናኛችኋል፤ ካሜራውን ዕቃው ላይ አድርጋችሁ የአገልግሎት ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ ትጠይቁታላችሁ። ካርድ ካለቀባችሁ ጎረቤት አለ።

ቢላዋ

እናቶቻችን ሽንኩርትን መዳፋቸው ላይ ይዘው ነው የሚከትፉት። እኛ አናደርገውም። መክተፊያ ያዙ፤ እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ። ቢላዋው አጭርና ስለታም ይሁን። ደነዝ ቢላዋ ኃይል ይጠይቃል፣ በኃይል የተገፋ ቢላዋ ደግሞ ይንሸራተታል።

ሽንኩርቱን ስትልጡ ደረቁ ልጣጭ ይንኮሻኮሻል፣ ከሥሩ ያለው ደግሞ እርጥብና አንሸራታች ነው። በጣታችሁ ዙሩት፤ የሚንኮሻኮሽ ነገር ከሌለ ተልጧል። ለሁለት ሰንጥቁትና ጠፍጣፋውን ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከዚህ በኋላ አይንከባለልም። በግራ እጃችሁ ስትይዙት የጣቶቻችሁን ጫፍ ወደ ውስጥ እጠፉ፤ የቢላዋው ጎን የታጠፈውን የጣት አንጓ እየታከከ ይውረድ። ስለቱን ከአንጓው በላይ አታንሱት። አንጓችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ስታፈገፍጉ ቢላዋው ይከተላል፣ የሚቀጥለውን ይቆርጣል። የመጀመሪያዎቹ አሥር ሽንኩርቶች እንደ ድንች ትልልቅ ሆነው ይወጣሉ። ምንም አይደል፣ ወጥ ውስጥ ይሟሟሉ።

ቢላዋውን ስታስቀምጡ ሁልጊዜ ከመክተፊያው ባሻገር፣ ስለቱ ወደ ግድግዳው፣ እጀታው ወደ ቀኝ። ስትፈልጉት ጠረጴዛውን በመዳፋችሁ አትደባብሱ፤ እጃችሁን ገልብጣችሁ በጀርባው፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ሂዱ። ከጨረሳችሁ ወዲያው እጠቡትና ቦታው መልሱት። ሲንክ ውስጥ፣ አረፋ ባለበት ውሃ ሥር፣ ቢላዋ በጭራሽ አይተው።

ቢላዋ ገና ያስፈራችኋል? በገመድ የሚጎተት የእጅ መፍጫ ገበያ ላይ አለ፣ ሽንኩርቱን ሰንጥቃችሁ ትከቱና ትጎትታላችሁ። ይህን በመጠቀም የሚያፍር ሰው አይገባኝም። እኔም ሽንኩርቱ ሲበዛ በዚያው ነው።

ስለ ምስር አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ። ጠጠሩን በእጅ መልቀም ይቻላል፣ ሰፌድ ላይ በጣም ትንሽ ትንሽ እያደረጉ፣ ግን ጊዜ ይፈጃል። የሚሻለው ውሃ ነው። ምስሩን ብዙ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ አዙሩት፣ ሳይረጋ ምስሩንና ውሃውን አብራችሁ ወደ ሌላ ዕቃ አንቆርቁሩ፣ እንደገና ውሃ ጨምሩ። ጠጠር ከባድ ስለሆነ ከታች ይቀራል። መጨረሻ ላይ ታች የቀረችውን አንድ እፍኝ በጣት መዳሰስ ብቻ ነው።

ምድጃው

ምን ዓይነት ምድጃ እንዳላችሁ ብዙ ነገር ይወስናል። ሽቦው ክፍት የሆነውን፣ የተጠማዘዘው ሽቦ ሸክላው ላይ በግልጥ የተቀመጠበትን ርካሹን የኤሌክትሪክ ምድጃ አትጠቀሙ። ያቃጥላል ብቻ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ይይዛል፤ ጣት ወይም የብረት ማንኪያ ሽቦውን ቢነካ አለቀ። ከላይ በብረት የተዘጋውን ግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ሌላ ነገር ቀንሳችሁም ቢሆን እሱን ግዙ።

ኢንዳክሽን የሚባለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ለእኛ ብዙ ጥቅም አለው። የሚሞቀው ድስቱ ነው፣ ድስቱ ሲነሳ ማሞቁን ያቆማል። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ለስላሳ መስታወት ላይ በጣት የሚነካ መቆጣጠሪያ ስላላቸው በእጅ አይለዩም፤ የሚጫን ቁልፍ ወይም የሚዞር ማዞሪያ ያለውን ፈልጉ። ሁለተኛ፣ የአልሙኒየም ድስትና ሸክላ አይሠራበትም። ማግኔት ድስቱ ሥር ከያዘ ይሠራል፣ ካልያዘ አይሠራም። መስታወቱም ከድስቱ የወሰደው ሙቀት ስለሚቆይበት ወዲያው አይነካም።

ማዞሪያ ያለው ምድጃ ከሆነ ዜሮው ላይና መካከለኛው ላይ ምልክት አድርጉ። የጥፍር ቀለም ሦስት አራት ጊዜ እየደረበ ሲደርቅ ጉብ ይላል፣ በጣት ይያዛል። እኔ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለኝ፤ ሌላውን ከእነሱ እየተነሳሁ አውቀዋለሁ።

ድስት የሚጣደው ምድጃው ሳይበራ ነው። በቀዝቃዛው ምድጃ ላይ አስቀምጡት፣ ዙሪያውን በእጃችሁ ዳስሱ፣ መሐል መሆኑን አረጋግጡ፣ እጀታውን የሰዓት 3 ቁጥር ወደሚሆንበት በኩል አዙሩ፣ ከዚያ አብሩ። ምድጃው ከጋለ በኋላ ድስት መመለስ ካለባችሁ ረጅም የእንጨት ማማሰያ ያዙ፤ በእሱ የምድጃውን ጠርዝና የድስቱን ጠርዝ እየነካካችሁ ታስተካክላላችሁ። ለድስት መያዣ የምትጠቀሙት ጨርቅ ደረቅ ይሁን፣ እርጥብ ጨርቅ ሙቀቱን ቶሎ ያሳልፋል። እስከ ክርን የሚደርስ ወፍራም ጓንት ካገኛችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ሰፊ እጅጌ ወጥ ቤት አይገባም። ፀጉር ይታሰር።

ቡታጋዝ ያላችሁ፣ መጀመሪያ መለኮሻውን ለኩሳችሁ ምድጃው ጋ አቅርቡ፣ ከዚያ ጋዙን ክፈቱ። አንገተ ረጅም መለኮሻ ነው የሚያስፈልጋችሁ፣ ክብሪት እጅ ላይ ያልቃል። ጋዙ በራሱ ሽታ የለውም፣ ያ የሚከረፋው ሽታ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይጠራቀማል። ከሸተታችሁ የሲሊንደሩን መዝጊያ ዝጉ፣ በርና መስኮት ክፈቱ፣ ምንም ማብሪያ ማጥፊያ አትንኩ፣ ውጡ።

ከሰል በረንዳ ላይ ወይም ውጭ ብቻ። የከሰል አየር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይታይም፣ አይሸትም። እዚህ ላይ የሚያይና የማያይ ሰው እኩል ነው፣ ሁለቱንም ይገድላል። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከተሰማችሁ ምንም ሳታነሱ ውጡ።

መብራት የሚጠፋበትን ጊዜ ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ሌላው ሻማ ሲፈልግ እኔ መክተፌን እቀጥላለሁ፤ ያ ጥሩ ነው። ግን መብራት መጥፋቱን ላላውቅ እችላለሁ። ምድጃው ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል፣ እኔ ደግሞ ተበላሸ ብዬ ማዞሪያውን ከፍ አድርጌ ትቼው እሄዳለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ባዶ ቤት ውስጥ ድስት ይቃጠላል። ስለዚህ የፍሪጁን ድምፅ ልመዱ። ፍሪጁ ዝም ካለ ወዲያው ማዞሪያውን ዜሮ ላይ መልሱት፣ ሶኬቱንም ንቀሉ።

ሽሮ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

የመጀመሪያ ወጣችሁ ሽሮ ይሁን። ለሁለት ሰው ሁለት መካከለኛ ሽንኩርት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ግማሽ ብርጭቆ ምጥን ሽሮ፣ ጨው። ሁሉንም ምድጃው ሳይበራ ለክታችሁ በየጎድጓዳ ሳህኑ ትሪው ላይ በተራ ደርድሩ። ከበራ በኋላ ፍለጋ የለም።

ሽሮውን በአንዱ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድማችሁ በጥብጡት። ብዙ ሰው የፈላ ውሃ ላይ በአንድ እጁ እየነሰነሰ በሌላው ያማስላል፤ የሚነሰንሰው እጅ ግን እንፋሎቱ ውስጥ ነው። ቀድሞ የተበጠበጠ ሽሮ ጓል የለውም፣ እጅም አያቃጥልም።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አስገቡና መካከለኛ እሳት ላይ አቁላሉት። ጆሯችሁን ስጡት። መጀመሪያ እርጥብ ድምፅ አለው፣ ውሃው እየወጣ ነው። ቀስ በቀስ ድምፁ ይደርቃል፣ ማማሰያው ያዝ ያደርጋል፣ የሚያስለቅሰው ሽታም ወደ ጣፋጭነት ይሄዳል። ያኔ ዘይቱን ጨምሩ። ታች ከያዘ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ከዘይቱ በኋላ ነጭ ሽንኩርት፤ ሽታው ግም እንዳለ፣ ሳይቆይ፣ የቀረውን ብርጭቆ ውሃ። ውሃው ሲፈላ ድስቱን ከምድጃው ላይ አውርዱት። የተበጠበጠውን ሽሮ ቀስ ብላችሁ አንቆርቁሩ፣ አማስሉ፣ መልሳችሁ ጣዱ፣ ጨው ጨምሩ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ።

ሽሮ ሲንተከተክ ይፈናጠራል፣ የተፈናጠረው ደግሞ እጅ ላይ ይጣበቃል። ክዳኑን ገርበብ አድርጉ። ድምፁ መጀመሪያ የውሃ ነው፣ ቀጭንና ፈጣን። እየወፈረ ሲሄድ ዘገም ይላል፣ ቱክ... ቱክ... ቱክ። ማማሰያውም ይከብዳል። ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ የጥሬ ዱቄት ሽታው ሲጠፋ ደርሷል። ለመቅመስ በማንኪያ አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጉ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ከዚያ ቅመሱ። በቀጥታ ከድስቱ ወደ ምላስ አይሆንም።

ክዳን ስትከፍቱ ደግሞ በዚያኛው በኩል አንሱት፤ ክዳኑ በፊታችሁና በድስቱ መሐል እንደ ጋሻ ይቁም፣ እንፋሎቱ ወደ ግድግዳው ይውጣ። እኔ ይህንን ሳላውቅ ክንዴን ሁለት ጊዜ ተቃጥያለሁ።

ፓስታና መኮሮኒ ስትቀቅሉ የፈላ ውሃ ይዛችሁ ወደ ሲንክ አትሂዱ። ምድጃውን አጥፍታችሁ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ እያወጣችሁ ወደ ሳህን አድርጉ። የሚቀረው ውሃ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

መቅዳትና ቡና

ለቀዝቃዛ ነገር የጣት ጫፍን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ማድረግ ይቻላል። ለትኩስ ግን ጆሮ ነው። ብርጭቆ ሲሞላ የፈሳሹ ድምፅ እየቀጠነ ከፍ ይላል፤ ቧንቧ ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ ተለማመዱት፣ በሁለት ቀን ይገባችኋል። ብርጭቆውን ትሪ ውስጥ አስቀምጡ፣ የማንቆርቆሪያውን አፍ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር አነካኩ፣ ቅዱ።

ቡና ከሁሉም በላይ የምወደው ነው፣ ሙሉ በሙሉ በጆሮና በአፍንጫ ስለሚሠራ። ስቆላ መጀመሪያ የሣር የመሰለ ሽታ አለው፣ ከዚያ የዳቦ ይሆናል። ቀጥሎ እንደ ፈንዲሻ ጧ ጧ ማለት ይጀምራል። ያ ድምፅ ቆም ይልና ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ይመጣል፤ እሱ ቀጭንና ፈጣን ነው። ጠቆር ያለ የምትወዱ ሁለተኛው እንደጀመረ አውርዱ፣ ቀለል ያለ የምትወዱ በሁለቱ መሐል። ከዚያ ካለፈ ያራል። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ደግሞ ድምፁ ከሆዱ ወደ አንገቱ ይወጣል፤ ያኔ ያዙት። ሲኒ ላይ ስቀዳ ግራ እጄ ረከቦቱን ይዞ የሲኒዎቹን ቦታ ያውቃል፣ የጀበናው አፍ የሲኒውን ጠርዝ ይነካል፣ «አንድ፣ ሁለት» ብዬ ቀና አደርገዋለሁ። ቁጥሩ እንደ ጀበናችሁ ስለሚለያይ በውሃ ለክታችሁ የራሳችሁን እወቁ።

እንጀራ እገዛለሁ፣ ይህን አልደብቅም። ጓደኛዬ ግን በኤሌክትሪክ ምጣድ ትጋግራለች። ለመልመድ ብዙ ቀን ቀዝቃዛ ምጣድ ላይ በውሃ ከዳር ወደ መሐል ማዞር ተለማምዳለች፤ አሁን አክንባሎውን የምትከፍተው በደቂቃ ቆጥራ ነው፣ ዳሩ ሲነሳ ደግሞ በሰፌዱ ጫፍ ትለየዋለች።

ሥጋና ዶሮ ላይ ተጠንቀቁ። እኛ በእጃችን ስለምናይ ጥሬ ዶሮ የነካ እጅ ብዙ ቦታ ይደርሳል፤ ከማንኛውም ሰው በላይ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለብን። መክተፊያውም ለብቻው ይሁን። ዶሮ ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ በስሏል። የሚናገር ቴርሞሜትር ውጭ አገር ካለ ዘመድ ማስላክ ይቻላል። እስከዚያው ግን ረጅም ጊዜ የተንተከተከ፣ ሥጋው ከአጥንቱ በሹካ የሚላቀቅ ዶሮ አያሳስባችሁም።

ከተቃጠላችሁ

ማንም የሚያበስል ሰው አንድ ቀን ይቃጠላል። ወዲያው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ 20 ደቂቃ። ቀለበትና አምባር ሳያብጥ አውልቁ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ሊጥ አይቀባም፤ ጎረቤት ምንም ቢል አይቀባም። ውሃ ያዘለ ቁስል እንዴት እንደሆነ ማየት ስለማንችል የሚያይ ሰው ይየው። ፊት ወይም እጅ ከሆነ፣ ወይም ከመዳፍ ከሰፋ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የምትኖሩ አንድ ባልዲ ውሃና ጆግ ሁልጊዜ ወጥ ቤት ውስጥ ይኑራችሁ። ለዚህ ብቻ የተቀመጠ፣ ዕቃ የማይታጠብበት።

ዘይት እሳት ከያዘ ውሃ አይደፋበትም፣ ይፈነዳል። ክዳኑን ከጎን አንሸራትታችሁ ድፉበት፣ ምድጃውን አጥፉ፣ አትክፈቱት። ለዚህ ነው ክዳን ሁልጊዜ ከድስቱ አጠገብ፣ በአንድ ቦታ የሚቀመጠው። ካልቻላችሁ ውጡና ጩኹ።

ለቤተሰብ

ቢላዋውን ከእጃችን አትቀሙን። ደንግጣችሁ «ተይ! ተይ!» ስትሉን ነው እኛም የምንደነግጠው፣ የደነገጠ እጅ ደግሞ ይቆረጣል። ልትረዱን ከፈለጋችሁ ቦታውን በትክክል ንገሩን። «እዚያ ጋ» አይጠቅመንም። «በቀኝሽ፣ ከድስቱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ» ይጠቅመናል። ስትገቡ ድምፅ አሰሙ፤ ትኩስ ነገር ይዛችሁ ከኋላችን ስታልፉ «ትኩስ ነው» በሉ።

እናቴ ዓይነ ስውር ማብሰል እንደማይችል እርግጠኛ ነበረች። በ2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን በተላለፈ ትልቅ የምግብ ማብሰል ውድድር አንደኛ የወጣችው ክሪስቲን ሃ ዓይነ ስውር መሆኗን ነገርኳት፤ ረዳት ነበራት፣ ግን ያበሰለችው ራሷ ናት፣ ኋላም ሂውስተን ከተማ ምግብ ቤት ከፍታለች። እናቴ «እሷ አሜሪካ ናት» አለችኝ። ስለዚህ ቤቴ ጠራኋትና ጠረጴዛው ጋ አስቀመጥኳት። ስቆራርጥ ትንፋሿን ይዛ ነበር፣ ይሰማኛል። ሽሮውን ቀምሳ «ጨው ትንሽ አንሷል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የምትደውልልኝ ምን ሠራሽ ለማለት ነው።

ከወጥ ቤት ስትወጡ አንድ ዙር አድርጉ። እኔ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምሄደው። ማዞሪያው ዜሮ ላይ መሆኑን በጣቴ እነካለሁ፣ ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ ክዳኑን ቦታው አደርጋለሁ። ባልዲው ሙሉ መሆኑን አያለሁ። መጨረሻ ላይ እጄን ገልብጬ በጠረጴዛው ጠርዝ እሄዳለሁ፤ ቢላዋው ከግድግዳው አጠገብ፣ እጀታው ወደ ቀኝ ካገኘሁት በሩን ዘግቼ እተኛለሁ።